የበረኛዋ ግራ ጎን

ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማችን አለመሞቷን ለማሳየት ኳስ እንጫወታለን።

ሌላው ዓለም ለምን እንደሚጫወት አላውቅም። እኛ የምንጫወተው ፓምፑ እንዳይቆምብን ነው። አበርሜል ዌልስ ውስጥ ባሕር ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ባሕሩ ከግድቡ ማዶ ቆሟል፤ ከቤታችን ጣሪያ ከፍ ይላል። ግድቡ ላይ ወጥተሽ ወደ ውስጥ ብታዪ የቤቶቹን ጭስ ማውጫ ቁልቁል ታያለሽ፤ ወደ ውጭ ብታዪ ወፎቹ እግርሽ ሥር ይዋኛሉ። ፓምፑ ቀንም ሌትም ያጉረመርማል። እንግዳ ሲመጣ «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» ይለናል። «የቱ ድምፅ?» እንለዋለን። እኛ የምንሰማው ሲቆም ብቻ ነው። ሲቆም ሁላችንም ከቤት ወጥተን መንገድ ላይ እንቆማለን፤ ማንም አይናገርም። ሲነሣ ተመልሰን እንገባለን።

ፓምፑን የሚያዞረው መንግሥት ነው። መንግሥት ደግሞ ለሞተ ከተማ ፓምፕ አያዞርም።

ድሮ ከተማ በሕይወት መኖሩን የሚያዩት በምርጫ፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ነበር አሉ። ሰው ግን መቼ ይተኛል? የሞተ ሰው መረጠ። ተማሪ የሌለው ትምህርት ቤት ጠዋት ጠዋት ደወል ደወለ። አንዷ ከተማማ አሻንጉሊቶች ዩኒፎርም አልብሳ መስኮት ላይ ደርድራ ስንት ክረምት ኖረችበት ይባላል። በኋላ አንድ የቢሮ ሰው ተነሥቶ «ዘጠና ደቂቃ ሣር ላይ መቆምን ግን ማንም አያስመስለውም» አለ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይኸው ነው። ከተማ ማለት የራሷን ነዋሪ አሥራ አንድ ሰው ማልያ አልብሳ ሜዳ የምታወጣ ናት። አሥር ያወጣች ከተማ አይደለችም። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ከሰንጠረዡ ግርጌ የተገኘችው ትታጠፋለች።

«ትታጠፋለች» ነው የሚሉት፤ እንደ አንሶላ። መጀመሪያ ስሰማ ሳቅሁ። አሁን አልስቅም።

የታጠፈ ከተማ ሰው አይበደልም፤ ውሸት ስለማልወድ ይህንንም እናገራለሁ። ትልቁ ከተማ ወስደው ማማ ላይ ክፍል ይሰጡታል። ይሞቃል፣ ምግቡ ደህና ነው፣ ሐኪም ደጁ ድረስ ይመጣል። መስኮቱ የለቀቀውን ከተማ ያሳየዋል፤ ሲፈልግ በበጋ፣ ሲፈልግ በክረምት። ከተማዋ ቀድሞ የታጠፈችባትን የላንሜይዋን ሜሬሪድን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ እንደኔ በረኛ የነበረች ሴት ናት። መስኮቷ አጠገብ ተቀምጣ ባሕሯን ታያለች።

«ትርንጎ፣ ሁሉ አለኝ» አለችኝ። «ነፋሱ ብቻ ነው ፀጉሬን የማይነካኝ።»

ስወጣ በሩ ድረስ እንኳ አልሸኘችኝም። አስለምደዋታል መሰለኝ፤ እዚያ በር ራሱ ነው የሚከፈት።

እኔ የመቂ ልጅ ነኝ፤ ሽንኩርት ስነቅል ያደግሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ እኔ ነኝ ያቆምኩት፣ ማንም አላስቆመኝም። በሃያ ሦስት ዓመቴ ሽማግሌ ለመጠበቅ እዚህ መጣሁ። ያኔ አገሩ ሁሉ ሽማግሌ ነበረ፣ የእኛ አገር ሁሉ ወጣት፤ በአውሮፕላን ይጭኑን ነበር። አሁን ሃምሳ ሁለት ሞልቶኛል። በአበርሜል ቡድን ውስጥ ታናሿ እኔ ነኝ። ከእኔ የሚቀጥለው ወጣት ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሱንም «ልጁ» ነው የሚሉት።

በረኛ ያደረጉኝ ጎበዝ ሆኜ አይደለም። ጎንበስ ብሎ መነሣት የሚችል ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው።

አምበላችን ጋሼ ግዊሊም ናቸው፣ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት። እኔ ስመጣ የተሰጠኝ እናታቸውን መጠበቅ ነበር፤ አሁን ተራው የእሳቸው ነው። ጠዋት ጫማቸውን የማስርላቸው እኔ ነኝ፤ ከሰዓት ሜዳ ላይ የሚቆጡኝ ደግሞ እሳቸው። መጀመሪያ «ጋሼ» ስላቸው ስድብ መስሏቸው ነበር። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ ብሏቸው ለቡድኑ አወሩ። ይኸው አሁን ዘጠኝ የዌልስ ሽማግሌና አሮጊት «ጋሼ! ጋሼ፣ ኳሷን ወዲህ!» እያሉ ሲጮኹ ይውላሉ።

ከላያችን ንቧ ታንዣብባለች። ንብ ያልናት ብጫ ስለሆነችና ስለምትጢዝ ነው እንጂ የመንግሥት ማሽን ናት። ዳኛዋም ቆጣሪዋም እሷ ናት። የእያንዳንዳችንን አካል ታውቃለች፤ ጋሼ ግዊሊም ምን ያህል እንደሚሮጡ፣ እኔ ምን ያህል እንደምዘል፣ የማን ልብ ከስንት በላይ መምታት እንደሌለበት። ካለሽ ጉልበት ቀንሰሽ ከተጫወትሽ ትቀላለች፤ ኳስ ቀስ ብሎ መምታትን ግን ማነጣጠር ነው ብላ ታልፈዋለች። አንዴ ከቀላች ጨዋታው ውድቅ ነው፤ ሁለቱም ከተሞች ይታጠፋሉ። በራስ መረብ ማስገባትማ አይነሣ። አንዲት ከተማ ሞክራው ነበር፤ ስሟን አንጠራም።

ታዲያ እንዴት ኖርን? አቻ እየወጣን ነዋ።

ሁሉም ጨዋታ አንድ ለአንድ ያልቃል። የእኛም፣ የትሬቫልም፣ ከተራራው ሥር ያሉትም። ሁሉም እኩል ነጥብ ካለው ግርጌ የሚባል የለም፤ ግርጌ ከሌለ የሚታጠፍ የለም። ቢሮው ነገሩን ያውቃል። ግን ምን ያድርግ? ንቧ አልቀላችም። የምንዋሸው የለማ።

የማንዋሸው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ በረኛ አንድ የታመመ ጎን አለው፤ ንቧም ታውቀዋለች። የትሬቫሏ በረኛ እትዬ ኤሉነድ በቀኝ ዓይናቸው አያዩም፤ ስለዚህ በቀኛቸው እንመታለን። እሳቸውም ከልባቸው ይሞክራሉ፤ አይደርሱም። የእኔ የታመመው ግራ ዳሌዬ ነው፤ ከግድቡ ደረጃ ወድቄ። ስለዚህ በግራዬ ይመታሉ፣ ከልቤ እሞክራለሁ፣ አልደርስም። እንግዳው ቡድን ከአውቶቡስ ሲወርድ ገና ሰላምታ ሲሰጠን «እንዴት ሰነበትሽ፣ ግራሽ እንዴት ነው?» ይለኛል። «ተመስገን፣ እንዳመመኝ ነው» እለዋለሁ። ሁሉም «እፎይ» ብሎ ሻይ ይቀዳል።

ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ግራዬን የሚጠይቀኝ ቲዱር ነው።

ቲዱር የትሬቫል ሰው ነው። ትሬቫል ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ናት፤ ከግድባችን ላይ መብራቷ ይታያል። የከተማውን ፓምፕ የሚጠግን፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ትልልቅ እጅ ያለው፣ ዝም ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ ጎል ያገባብኝ ቀን ሮጦ መጥቶ አነሣኝና ይቅርታ ጠየቀኝ። በሚቀጥለው ዓመትም አግብቶ ይቅርታ ጠየቀ። በሦስተኛው ዓመት አግብቶ፣ አንሥቶኝ፣ «አግቢኝ» አለኝ።

እንቢ አልኩት። ጠልቼው አይደለም። የተጋቡ ሰዎች በአንድ ከተማ ነው የሚቆጠሩት። እኔ ብሄድ አበርሜል አሥር ትሆናለች። እሱ ቢመጣ ትሬቫል አሥር ትሆናለች። እኔ ጫማቸውን የማስርላቸውን ሰውዬ ማማ ላይ አስቀምጬ ሙሽራ አልሆንም አልኩት። ገባው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይጠይቀኛል፤ በየዓመቱ እንቢ እለዋለሁ፤ አብረን ሾርባችንን እንጠጣና አውቶቡሱ ይሄዳል።

አሁን የምነግራችሁ ያለፈው ግንቦት የሆነውን ነው። የዓመቱ መጨረሻ ቅዳሜ ነበር። ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ ተጫውተው ጨርሰዋል፤ ሁሉም አቻ። የቀረው የእኛና የትሬቫል ብቻ ነበር።

ከአውቶቡሱ ወረዱ። አንዱን ባለ ከዘራ ደግፈን አወረድነው፤ ከዘራውን ለንቧ አሳይቶ ይዞት ሜዳ ገባ። እትዬ ኤሉነድ ድመታቸውን በቅርጫት ይዘው ነበር። ያለሷ አይጫወቱም፤ ከመረቡ ኋላ ትቀመጣለች።

ጨዋታው ተጀመረ። የእኛ ጨዋታ ቀስ ያለ ነው፤ ኳሷ እንደ እንግዳ ከሰው ወደ ሰው ትሸኛለች። የወደቀን የሚያነሣው የቅርቡ ሰው ነው፤ የማንም ይሁን። ብዙ ሳይቆይ ጋሼ ግዊሊም ኳሷን አገኙ። ቆሙ። አነጣጠሩ። ትንፋሽ ወሰዱ። ማንም አልቸኮለባቸውም። መቱ።

እትዬ ኤሉነድ ዘለሉ፤ መዝለል ከተባለ። ኳሷ በቀኛቸው ገባች።

«ወዴት ሄደች?» አሉ።

«ገብታለች፣ እትዬ» አላቸው ተከላካያቸው።

«ጎበዝ ግዊሊም!» ብለው አጨበጨቡ። ንቧ ብጫ እንደሆነች ቀረች። አንድ ለባዶ።

በእረፍት ሰዓት ግማሹ ሰው ሣሩ ላይ ይጋደማል። ብርቱካን እየላጥኩ ሳድል ቲዱር መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ንቧ አካል እንጂ ወሬ ስለማትቆጥር እንደልባችን እናወራለን።

«ግራሽ እንዴት ነው?»

«እንዳመመኝ ነው።»

«አይዞሽ፣ ዛሬ ቀስ አድርጌ ነው የምመታው። አምና ስትወድቂ አይቼ ሳምንቱን ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ከረመ። ዘንድሮ ብዙ አትዘዪ፤ ዘንበል ብትዪ ይበቃል።»

«ለማን ብለህ ነው ቀስ የምትለው?»

«ላንቺ ነዋ።»

«እኔ እንቁላል ነኝ?»

ሳቀ። ብርቱካኑን ተቀብሎኝ እየሳቀ ሄደ። ክፋት የለውም፤ ክፋት ቢኖረውማ ይሻለኝ ነበር። ማዘኑ ነው ያንገበገበኝ። ሽማግሌ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ዕድሜዬ ያለቀ ሴት ነኝ፤ ለእኔ ቀስ ይበልልኝ?

ሁለተኛው ግማሽ ተጀመረ። የትሬቫል ሰዎች ኳሷን ቀባብለው ቲዱር እግር ላይ አደረሷት። ሁለት ተከላካዮቻችን ሊደርሱበት ከልባቸው ሮጡ፤ አንዷ በግማሽ መንገድ ቆማ ጉልበቷን ያዘች። ቲዱር ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑን በዓይኔ አገኘሁት፤ ያንኑ የእረፍቱን አስተያየት አየኝ። በግራዬ መታት። ቀስ አድርጎ። እየተንከባለለች መጣች፤ ሣር ላይ እንዳለች የዳክዬ ጫጩት።

እኔ አልወሰንኩም። እግሬ ነው የሄደው። ግራ እግሬ፣ ያ ስንት ዓመት የማይታዘዘኝ፣ ተወርውሮ ሄዶ ኳሷን መስመር ላይ አስቆማት።

 ከወዲያኛው መረብ ኋላ ድመቷ ስታዛጋ ተሰማኝ ብል አልዋሸሁም።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ጋሼ ግዊሊም።

«ምንም አልሆንኩ። እግሬ ነው።»

«እግርሽ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

ንቧ ዝቅ ብላ መጣች። ዳሌዬ አጠገብ ቆየች፣ ዞረችኝ፣ ተመልሳ ወጣች። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግራዬ ደህና ነው ማለት ነው። ንቧ አይታለች። ከእንግዲህ በግራዬ ለሚመጣ ኳስ አለመድረስ አልችልም፤ ካልደረስኩ ትቀላለች።

በቀኜም እደርሳለሁ። በግራዬም እደርሳለሁ። ትሬቫል ደግሞ ካላገባች ግርጌ ናት።

እነሱም ገባቸው። የሚመቱትን ሁሉ መምታት ጀመሩ። አንዱ ሽማግሌ ሲመታ ጫማው ከኳሷ ቀድሞ መጣ፤ ጫማውን ወርውሬ መለስኩለትና ኳሷን ያዝኩ። ሌላው በግንባሩ ሞከረና መነጽሩ ወደቀ፤ ሁላችንም ተንበርክከን ፈለግንለት። የማዕዘን ምት መቱ፤ ያዝኩ። ቲዱር ሁለቴ መታ፤ ሁለቴም ያንኑ የዳክዬ ጫጩት ላከልኝ። ያዝኩ፣ ያዝኩ። ምን ላድርግ? ልጅ አዋቂው የሚይዘውን ኳስ እንዴት ብዬ ነው የምለቀው?

ከወዲያኛው መረብ እትዬ ኤሉነድ ጮኹ። «ትርንጎ! ምን በደልንሽ?»

«ምንም አልበደላችሁኝም፣ እትዬ!»

«ማማው ላይ ድመት አያስገቡም!»

 ኳሷን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በማዶ የትሬቫል ግድብ ይታያል። እዚያ መብራት የሌለበትን ማታ ላስበው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፤ ስንት ዓመት ያየሁት መብራት ነው። ቲዱርንም መስኮት አጠገብ ተቀምጦ አሰብኩት፣ እነዚያን ትልልቅ እጆች ጉልበቱ ላይ አድርጎ። እዚያ የሚጠገን ነገር የለም።

ጋሼ ግዊሊም እያነከሱ መጡ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ልባቸውን ፈራሁላቸው።

«አሞኛል በይ» አሉኝ ዝግ ብለው።

«አላመመኝማ።»

«ዋሺ እንጂ፣ ትርንጎ!»

«ለማን? ለንቧ? ትቀላለች እኮ፣ ጋሼ።»

«አንቺም በሕይወትሽ አንድ ቀን እንኳ ውሸት ሳትማሪ አረጀሽ። እንግዲያው ምን ይሻላል?»

«እሱ ይምታ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። «እንደ ሰው ይምታ!»

ቲዱር ሰማኝ። አንገቱን ደፋ።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። ከእኛ ተከላካዮች አንዷ ድክም ብሏት አጠገቧ ያለው የትሬቫል ሽማግሌ ትከሻ ላይ ተደገፈች። ልታርፍ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ የላትም። እሱም ወገቧን ያዘላት። ንቧ ግን ከዚህ በፊት ሰው በጨዋታ መሀል እንዲህ ሲደገፍ አይታ አታውቅም፤ ጥፋት ነው ብላ ነፋች። ቦታው ደግሞ እኔ ደጃፍ ነበር። ፍጹም ቅጣት ምት።

ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። ቲዱር ኳሷን አስቀመጣት። አነሣት። እንደገና አስቀመጣት።  ከመስመሬ ሳልወጣ አናገርኩት።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«አልችልም፣ ትርንጎ።»

«ምኑን?»

«አምና የማትደርሺበት ቦታ ነበረ፤ እዚያ እልክና እገላገላለሁ። አሁን የትም ትደርሻለሽ። እንዲያልፍሽ ከፈለግሁ ባለኝ ጉልበት መምታት አለብኝ። ስትዘዪ ብትሰበሪስ?»

«ብሰበር የእኔ አጥንት ነው።»

«የእኔም ነው።»

«የአንተ አይደለም! ስማ፣ ቲዱር። በየዓመቱ አግቢኝ ትለኛለህ። እኔን እንደ ብርጭቆ በጥጥ ጠቅልለህ ልታስቀምጠኝ ነው የምታገባኝ? አንተ ለእኔ እያዘንክ ያቺ ከተማ ልትታጠፍ ነው፤ የእትዬ ኤሉነድ ድመት ሜዳ ልትወድቅ ነው። የሚያዝንልኝ አልፈልግም። የሚያዝንልኝ ካስፈለገኝ ማማው ሞልቶልኛል።»

«ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እኩያዬን።»

 ኋላችን አንዱ «ሰዓቱ!» አለ። ቲዱር ማልያውን ወደ ላይ ሰብስቦ ፊቱን ጠረገበት። ወደኋላ ሄደ፤ ከወትሮው አልፎ፣ በጣም ወደኋላ ሄደ። ዞረ። ሲያየኝ ያ ማዘኑ ከፊቱ ላይ የለም። ሌላ ሰው ነበር። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁት፤ ደስም አለኝ።

ሮጠ። መታ።

በግራዬ ነው፣ ከላይ። ገና ከእግሩ ስትወጣ አወቅኋት። ዘለልኩ። አንድም ነገር አላስቀረሁም፤ የሽንኩርቱን ጆንያ የተሸከምኩበትን ጉልበት፣ ደረጃውን የወጣሁበትን ወገብ፣ ንዴቴን ሁሉ ይዤ ዘለልኩ። ጣቶቼ ነኳት። እሳት ነበረች። ጣቶቼን ወደኋላ አጥፋ፣ ቋሚውን ታክካ፣ መረቡን ወጥራ ያዘችው። መሬት ወደቅሁ፤ አፌ ውስጥ ሣር ገባ።

ቀና ብዬ መጀመሪያ ያየሁት ንቧን ነው። ብጫ ናት።

ቲዱር ሊያነሣኝ አልመጣም። ይቅርታም አልጠየቀኝም። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ከዚያ ጮኸ። ቃል አይደለም፤ ዝም ብሎ ጮኸ። የትሬቫል ሰዎች ጮኹ። የእኛም ሰዎች ጮኹ። ባለ ከዘራው ከዘራውን ትቶ ስንት እርምጃ እንደሄደ በኋላ ነው የታወቀው። ጋሼ ግዊሊም እያለቀሱ «አያችሁ? አያችሁ ለጥቂት ልትያዝ እንደነበር?» እያሉ ለሁሉም ይናገራሉ፤ ማንን እያደነቁ እንደሆነ እሳቸውም አላወቁትም።

እኔ ራሴ ተነሣሁ። ሁለት ጣቶቼ አብጠዋል፤ ይታጠፋሉ ግን።

ንቧ ነፋች። «አበርሜል አንድ፣ ትሬቫል አንድ» አለች፣ እንደ ሁልጊዜው በማይሞቅ በማይበርድ ድምፅ። «ሁለቱም አሉ።» ወደ ላይ ወጣች፣ ግድቡን ተሻገረች፣ ሄደች።

ወትሮ ንቧ ስትሄድ ሁላችንም ተደጋግፈን ወደ ክለቡ ቤት፣ ወደ ሾርባው እንገባለን። ያን ቀን ማንም ከሜዳው አልወጣም። ማንም ውጡም፣ ቆዩም አላለም። መረቡ ውስጥ የቀረችውን ኳስ አንዱ አመጣት። እትዬ ኤሉነድ ጓንታቸውን አውልቀው ለአንዱ አስያዙና «እኔም አንድ ልምታ፤ ሕይወቴን ሁሉ ሲመቱብኝ ኖሬያለሁ፣ መትቼ አላውቅም» አሉ። መቱ። ኳሷ አልሄደችም። እንደገና መቱ። «እንዲህ ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ።

ቲዱር አጠገቤ መጣ። እጄን ሊያይ ፈለገና ተወው።

«ዘንድሮም ልጠይቅሽ?» አለኝ።

«ቆይ፣ እኔ ልጠይቅህ። ቅዳሜ ማታ መጥቶ ዓርብ ማታ የሚመለስ ሰው ምን ይባላል?»

አሰበ። «እንግዳ።»

«እንግዳ በየት ነው የሚቆጠረው?»

«በመጣበት።»

«እህ። ቅዳሜ የትሬቫል ሁን፤ ሌላው ቀን የራስህ ነው። የእኛም ፓምፕ እኮ አንዳንዴ ይቆማል፣ የሚያየው ሰው ቢኖር አይከፋም።»

«እንግዳ ብቻ ሆኜ ልቅር?»

«ቄስ ማዶ አለ፤ እኔ አናግረዋለሁ። ቤቱ ሞልቶ እንሠርጋለን፣ ጋሼ ይድሩኛል።»

«መንግሥት ቢሰማስ?»

«መንግሥትን ማን ጠራው?»

ያን ትልቅ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ። ይሳቅ ያልቅስ አላውቅም፤ አልጠየቅሁትም። ከዚያ ከእትዬ ኤሉነድ እግር ሥር ኳሷን ወሰደና ወደ ቅጣት ምቱ ቦታ ሄደ።

«ዳሌሽስ?» ብለው ጮኹ ጋሼ ግዊሊም ከወዲያ።

«ይደግመው!» አልኳቸው። በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ቆምኩ። ሁለቱም ከተሞች መጥተው ተደርድረው ቆሙ፤ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ አልለየም። ነፋሱ ከግድቡ በላይ ይመጣል፣ ፓምፑ ያጉረመርማል።

ቲዱር በጣም ወደኋላ ሄደ። ዞረ። ሮጠ። መታ፤ እንደ ቅድሙ፣ ከቅድሙም ይልቅ።

ዘለልኩ፣ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኳት። ማንም አልቆጠረውም።